ኬብል አልኩ፣ ጠበል መጣልኝ

ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግን መንገደኛ ሁሉ ቪዲዮ ሲያነሳ ስላየሁ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልናዘዝ።

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ኦክላንድ፣ አፕታውን መሀል፣ አንድ መኪና ጠበል ተረጨ።

መኪና!

ከመኪናው በፊት ደግሞ እኔ ተረጨሁ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ዛሬ ነገር ሁሉ ተደበላልቆብኛል።

ለማታውቁኝ፣ ናቲ እባላለሁ። ሳን ሆዜ ከእማዬ ጋር ነው የምኖረው። ታላቅ ወንድሜ በረከት ካረፈ ነገ አርባ ቀኑ ነው።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋኋት። ይኸው አራተኛዋ ናት። ትቆይ።

በረከት የኦክላንድ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚጎትት ትራክ ሹፌር ነበር። ወደቡ ላይ ግን በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም፣ ዕድርተኛው ሳይቀር፣ "ጀርመኑ" ነው የሚሉት። አንደኛ፣ ሰዓት አያሳልፍም። ሁለተኛ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው የጀርመን መኪና ነበረው። ያ ባለ ሦስት ፊደሉ። ስሙን አልጠራም፣ ታውቁታላችሁ። ሹፌሮቹ ፍሬቻ አያበሩም እየተባለ የሚታሙበት።

በረከት ግን ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ እንኳ ፍሬቻ ያበራል። "የዚህ መኪና ስም ጠፍቷል፤ አንድ ሰው ማደስ አለበት" ይላል።

እና መኪናውም ጀርመኑ፣ ሰውየውም ጀርመኑ። ይሄ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ችግር ሆኖ አያውቅም።

እስከ ዛሬ ጠዋት!

አሁን ጭንቄን ስሙ። እማዬ ከቀብሩ ወዲህ ከቤት አልወጣችም። ነገ ቤተ ክርስቲያን በምን እንደምንወስዳት ስንነጋገር ስትሰማ ቆየችና አንድ ነገር አለች።

"በልጄ መኪና ከሆነ እሄዳለሁ። በሌላ አልወጣም።"

አለቀ። እማዬን ተከራክሮ የሚረታ ሰው ገና አልተወለደም።

መኪናው ደግሞ በረከት ካቆመው ቦታ አልተንቀሳቀሰም። አፓርትመንቱ ጀርባ፣ አፕታውን። ማናችንም ሄደን ለመንካት አልደፈርንም። አልደፈርኩም ልበል። ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር።

ሌላም አለ። ነገ ስለ ወንድሜ ሦስት ደቂቃ እንድናገር ታዝዣለሁ። እኔ! ሃይስኩል እያለሁ ፕረዘንቴሽን ባለበት ቀን ሁሉ ሆዴን ያመኝ የነበረው ልጅ!

የምናገረውን ግን አውቅ ነበር። ስለ ፕሮፔለሩ ነው።

ልጅ ሆኜ መኪናውን አብረን ስናጥብ፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ክብ ሰማያዊና ነጭ ምልክት በአውራ ጣቱ ይጠርግና "ናቲ፣ ይቺ ምንድን ናት?" ይለኛል።

"ፕሮፔለር!" እላለሁ።

ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል። ፋብሪካው መጀመሪያ የአውሮፕላን ሞተር ሠራ። አገሩ በጦርነት ተሸነፈ፣ ሞተር መሥራት ተከለከለ። ተነሳ። ደግሞ ጦርነት፣ ደግሞ መሸነፍ። አሁንስ ምን ሠራ? ድስት! ድስትና ብስክሌት! ከዚያ በሩ ከፊት እንደ ፍሪጅ የሚከፈት ሚጢጢ መኪና። ከዚያ ይሄን ቆንጆ።

"አየህ? ድስት ሠርቶም ቢሆን መነሳት ነው" ይላል።

በረከት አሜሪካ ሲመጣ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ሬስቶራንት ድስት ማጠብ ነበር። የፋብሪካውን ታሪክ ሲያወራ ስለ ማን እንደሚያወራ ትንሽ ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ወደ ኦክላንድ በባቡር ስመጣ ንግግሬን ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። እንዳልሳሳት ብዬ ሰርች አደረግኩ።

ምነው እጄን በቆረጠው!

ፕሮፔለር አይደለም።

ሰማያዊና ነጩ ፋብሪካው ያለበት የጀርመን ክፍለ ሀገር ቀለም ነው። ፕሮፔለሩ በኋላ ለማስታወቂያ የተሳለ ሥዕል ነው። ሰው ወደደው፣ ድርጅቱም ዝም አለ፣ ወሬው እውነት ሆኖ ቀረ።

የአውሮፕላኑ ሞተር እውነት ነው። ድስቱም እውነት ነው። ግን ዝቅ ብዬ ሳነብ በረከት ነግሮኝ የማያውቀውን አገኘሁ። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ያ ፋብሪካ እስረኞችን በግድ ያሠራ ነበር።

ይሄስ? ይሄ የት ነበር ያኔ መኪና ስናጥብ?

ግራ ገባኝ። ያውቅ ነበር? ልጅ ነው ብሎ ደበቀኝ? ወይስ እሱም የሰማው ግማሹን ነው? ስለ መኪናው ሰርች ይደረጋል። ስለ ወንድሜ የት ገብቼ ሰርች ላድርግ?

በዚህ ሐሳብ መውረጃዬን አንድ ጣቢያ አለፍኩት። በእግሬ ተመለስኩ።

መኪናው እዚያው ቆሟል። አቧራ ለብሷል። አንዱ በጣቱ የኋላ መስታወቱ ላይ "እጠቡኝ" ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎበታል። በረከት ይሄን ቢያይ… ተዉት።

ገባሁ። ወንበሩ አሁንም በእሱ ቁመት ነው፣ እግሬ ፔዳል አልደርስ አለ። ማስጠጋት አልፈለግኩም። ግን አስጠጋሁት።

ቁልፉን አዞርኩ።

ምንም። "ትክ" እንኳ የለም። አርባ ቀን ቆሞ ባትሪው ሞቷል።

እሺ፣ አልደነገጥኩም። (ደንግጫለሁ።) የዕድራችን ግሩፕ ላይ ቮይስ ላክሁ። ቃል በቃል ይሄን ነው ያልኩት፦

"እባካችሁ፣ ጀርመኑ አልነሳ አለኝ። ብዙ ሞከርኩ፣ ድምፅ የለውም። ቅርብ ያለ ሰው ኬብል ይዞልኝ ይምጣ።"

"ኬብል" ስል አንድ አውቶቡስ በአጠገቤ አለፈ። ድምፄም ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን እንደ እነሱ ሆናችሁ ስሙት። ወንድሙ የሞተበት ልጅ። የአርባው ዋዜማ። ጀርመኑ አልነሳ አለኝ። ድምፅ የለውም።

ጠበል ይዞልኝ ይምጣ።

መልስ ዘነበ! "አይዞህ ናቲዬ።" "እግዚአብሔር ያጽናህ።" "ብቻህን አትሁን፣ መጣን!"

እኔ ደግሞ ምን ብዬ አሰብኩ? ለአንድ ባትሪ እንዲህ የሚያዝን ሕዝብ! ጉድ እኮ ነው!

እስኪመጡ ኮፈኑን ከፈትኩ። ስለ መኪና የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ባትሪ የት እንደሚቀመጥ ነው። ኮፈን ስር፣ ጥግ ላይ።

የለም!

ግራ ፈለግኩ፣ ቀኝ ፈለግኩ፣ ሥሩን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ተሰርቋል! ተመልሼ ገባሁና መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ። እማዬን ምን ብዬ ልንገራት?

በሩ ሲከፈት ቀና አልኩ። በዚያው ቅጽበት ፊቴን ውሃ መታኝ።

"በስመ አብ! ልጄ፣ እኔን እየኝ! እኔን!"

እትዬ አልማዝ ናቸው። የዕድሩ ሰብሳቢ። በእጃቸው የጠበል ኮዳ፣ በክንዳቸው ምሳ ዕቃ። ከኋላቸው ጋሽ እድሪስ፣ ከበረከት ጋር ወደቡ ላይ ዓመታት የሠሩ ኤርትራዊ አዛውንት፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል።

"እትዬ አልማዝ፣ ኬብሉስ?" አልኩ ውሃ እየተፋሁ።

"የምን ኬብል?"

"ኬብል ይዛችሁ ኑ አላልኩም?"

እትዬ አልማዝ ዞረው ጋሽ እድሪስን አዩ። ጋሽ እድሪስ መሬት መሬት ያያሉ።

"እኔስ ኬብል ነው የሰማሁት" አሉ ቀስ ብለው። "ግሩፑ በሙሉ ጠበል፣ ጠበል ሲል ግን፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የማላውቀው ሥርዓት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።"

"እድሪስ! አንተም ሰው ነህ!"

"ታዲያ ምን ላድርግ አልማዝ? ኬብሉንም ለማንኛውም ይዣለሁ።"

በዚያች ደቂቃ ነፍሴን የመለሰው ይሄ "ለማንኛውም" ነው።

"ግን ጋሽ እድሪስ፣ ባትሪው ተሰርቋል" አልኳቸው።

ኮፈኑ ስር አንድ ጊዜ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ረጅም። "ወንድምህ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ነበር የሚያስተምርህ?"

"ታሪክ።"

"በል የኋላውን ኮፈን ክፈተው።"

"ከፈን?!" ብለው እትዬ አልማዝ ደረታቸውን ያዙ።

"ኮፈን! ኮፈን ነው ያልኩት! ዛሬ የሁላችን ጆሮ ለቅሶ ቤት ተቀምጧል!"

የኋላውን በቁልፍ ከፈትኩ። ባትሪው እዚያ ነው! ቀኝ ጎን፣ ክዳን ስር። የዚህ መኪና ባትሪ ከኋላ ነው! ከጎኑ የማጠቢያው ባልዲ፣ የመወልወያው ጨርቅ። ባልዲው ውስጥ ደግሞ በሥርዓት የተጠቀለለ፣ በላስቲክ የታሰረ…

ኬብል።

ወንድሜ ኬብል ነበረው።

ሳቅ መጣብኝ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። ጋሽ እድሪስ ሥራ ያገኙ መስለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። እትዬ አልማዝ በነጠላቸው ፊቴን ጠረጉልኝ። እንባውንም ጠበሉንም አንድ ላይ።

በበረከት ኬብል ከጋሽ እድሪስ መኪና ባትሪ ጋር አያያዝነው። ሞከርኩ፣ ምንም። ደገምኩ፣ ምንም።

"እስቲ እኔም ድርሻዬን ላድርግ" አሉና እትዬ አልማዝ ኮዳውን አነሱ።

"አልማዝ፣ ባትሪው ላይ ብቻ እንዳታፈሽ!"

ከፊት እስከ ኋላ ረጩት። መስኮቱን፣ ጎማውን፣ ያቺን ሰማያዊና ነጭ ምልክት። ይሄኔ ነው አላፊ አግዳሚው ስልክ ያወጣው።

ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳ!

"ተመስገን!" አሉ አንዷ። "ባትሪው አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈልገው" አሉ አንዱ። እኔ በዚህ ክርክር አልገባም። ሁለቱም ነገ ለአርባው ይመጣሉ፣ ሁለቱም ይቆነጥጡኛል።

እና በደስታዬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ግሩፑ ላይ ገባሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ጀርመኑ ተነሳ!!!"

ከላክሁት በኋላ አነበብኩት።

ግሩፑ ጭጭ። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ፦ "ናቲ፣ ስልኩን ለአልማዝ ስጣት።"

ላጠፋው ስጣደፍ ስልኬ ጮኸ። እማዬ።

"ናቲ። ምንድን ነው የተነሳው?"

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። "መኪናው ነው እማዬ። መኪናው ብቻ ነው።"

እያወራኋት ግሩፑ ላይ የጻፍኩትን አጠፋሁት።

"አውቃለሁ" አለች። "እስቲ ድምፁን አሰማኝ።"

ስልኩን ሞተሩ አጠገብ ያዝኩላት። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። እጄ እስኪዝል።

ወደ ሳን ሆዜ በጥንቃቄ ነዳሁ። ፍሬቻ አብርቼ! እንደ ወንድሜ! የመኪናውን ስም ላድስ! ለምን ሰው ሁሉ ጡሩምባ እንደሚነፋብኝ አልገባኝም ነበር። ቤታችን በር ላይ ስደርስ ነው ያየሁት። የግራው ፍሬቻ መንገዱ አጋማሽ ላይ ካለችው ፍሪሞንት ጀምሮ ሲበራ ሲጠፋ መጥቷል።

እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። በር ላይ! ከዚያ ደረጃውን ወረደች። መኪናው ፊት ሄዳ ያቺን ክብ ምልክት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት።

"ይቺን ምን ነበር የሚላት?" አለችኝ።

ጠዋት ያነበብኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ቀለሙ፣ ማስታወቂያው፣ እስረኞቹ።

"ፕሮፔለር" አልኩ።

"አዎ። ፕሮፔለር።" ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች። "በል እስቲ፣ ሰፈሩን አንድ ዙር አዙረኝ።"

አዞርኳት። አንድ ዙር አልበቃትም።

አሁን የኋላው ኮፈን ውስጥ ኬብሉም የጠበሉ ኮዳም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኔም ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ድስቱን እናገራለሁ። ስለ እስረኞቹ ደግሞ በረከት ቢኖር እጠይቀው ነበር፣ እሱም ጨርቁን አስቀምጦ ይሰማኝ ነበር፤ ይሄን እርግጠኛ ነኝ። ፕሮፔለሩን ግን እውነቱን ልናገር ወይስ እሱ እንዳለው ልተወው አላወቅኩም። እማዬ ከፊት ነው የምትቀመጠው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

በጽሑፍ መልሱልኝ። ቮይስ አትላኩ፣ እለምናችኋለሁ!