በዋሌ ትከሻ ላይ የወጣው ሸንተረር

ሰው ከገዛ ገላው ጋር ታርቆ የሚኖረው ስንት ቀን ይሆን? ቀጭኑ መወፈር ያምረዋል፤ የወፈረው ቀበቶውን እየሳበ ያዝናል። እኔ በበኩሌ በበጋም ጃንጥላ የምይዝ ሰው ነኝ፤ የጂንካ ሰማይ አይታመንም። የቤቴን በር ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እነካዋለሁ። ፍየል አጥር የሌለው ማሳ እንደማይስት ሁሉ፣ ጭንቀትም እኔን ስቶኝ አያውቅም። ስለዚህ የልጅ ልጄ የዋሌ ትከሻ ጉዳይ እኔ ላይ መውደቁ አይገርምም።

ዋሌ ጂንካ ተወልዶ ጂንካ የተማረ የሐመር ልጅ ነው። ዕድሜው ደረሰና ከብት እንዲዘል ተወሰነ። ወጋችንን ለማያውቅ ልንገር፦ ወንድ ልጅ ሚስት ከማግባቱ በፊት፣ ጎን ለጎን በተደረደሩ በሬዎች ጀርባ ላይ አራት ጊዜ ሮጦ ይሻገራል፤ ያውም ራቁቱን፣ ዘመድ ሁሉ ቆሞ እያየ። ገጠር፣ ዲመካ አካባቢ ያሉት የአጎቱ ልጆች ታዲያ፣ «የከተማ ልጅ፣ ከወንበር ሌላ ምን ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?» እያሉ ቀለዱበት።

ቀልዱ አጥንቱ ድረስ ገባ። ሁለት የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ በብረት ቧንቧ አያይዞ፣ ጓሮ ውስጥ ማንሳት ጀመረ። በአራት ወር ክንዱ የሙዝ ግንድ አከለ። እኔ ጣሳው እግሩ ላይ እንዳይወድቅ ስሰጋ ከረምኩ። ለካ አደጋው የሚመጣው በሌላ በኩል ኖሯል!

አንድ ጠዋት ሲታጠብ ሳላስበው ደረስኩበት። ከብብቱ ተነስተው ትከሻው ላይ የወጡ፣ ሰንበር የመሰሉ መስመሮች አየሁ። ማን ገረፈህ ብዬ ጮህኩ። ማንም አልገረፈኝም አባባ፣ ራሱ ነው የወጣው አለና ሸሚዙን ለበሰ። ከዚያም ተቀምጦ፣ አልዘልም አለኝ። በአገራችን ድሮ ወንድ ትከሻው ላይ መስመር የሚያስወጣው ጠላት የገደለ እንደሆነ ነው። ዋሌ ደግሞ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነው። «ማንን ገደልክ ብለው ቢስቁብኝ ምን እላለሁ? ሲሚንቶ ልበል?» አለ። ልስቅ ነበር፤ ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ሳይ ተውኩት።

ቀኑን እንዳናራዝም ጥሪው ሄዷል። የእኛ ጥሪ ወረቀት ሳይሆን የተቋጠረ ገመድ ነው። ተጋባዡ በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ ይመጣል። በየመንደሩ እየተፈታ ያለውን ማን ዞሮ መልሶ ይቋጥረዋል? ስድስት ቀርቶ ነበር።

ጃንጥላዬን በአንድ እጄ፣ ልጁን በሌላው ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለ መድኃኒቷ ትከሻውን ገለጥ አድርጋ አየችና ፈገግ አለች። «አባባ፣ ሸንተረር ነው፤ እርጉዝ ሴት ሆድ ላይ እንደሚወጣው። ጡንቻው ሲቸኩል ቆዳው መከተል አቅቶት ነው እንጂ በሽታ አይደለም» አለችኝ። በስድስት ቀን የሚያጠፋ ቅባት ስጪኝ ብላት፣ እንደሱ ያለ ቢኖር ቀድሜ እኔ እቀባው ነበር፣ ሦስት ወልጃለሁ አለች። በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል፤ ክብደቱንም ቀስ እያለ ይጨምር ብላ ሸኘችን። ሐቀኛ ነጋዴ ደግ ነው። ለተጨነቀ ሰው ግን ትንሽ ውሸት ብትሸጥለት ምን ነበረበት?

ሌላ መላ ስላልነበረኝ በሚኒባስ ይዤው ወደ መንደር ወረድኩና ለእህቴ ለዱካ ነገርኳት። እስቲ አውልቅ አለችው። አየችና፣ «ይሄ የአይጥ ጭረት!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጀርባዋን አዞረችለት። የዱካ ጀርባ እንደ ታረሰ መሬት ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ በሚዘልበት ቀን እህቶቹ ፍቅራቸውን ሊያሳዩ በልምጭ ይገረፋሉ፤ ያ ሁሉ ሰንበር እኔ በዘለልኩበት ቀን የወጣ ነው። ዛሬም ሳየው አንገቴን እደፋለሁ።

«ይህን የተቀበልኩት ለአያትህ ብዬ ነው» አለችው። «ያን ቀን እግሩ እንደ ጥጃ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንተን ማንም ሳይመታህ የወጣ መስመር ነው የሚያሳፍርህ? ማንን ገደልክ የሚልህ ካለ ወደ እኔ ላከው።» ከዚያ ቅቤ በመዳፏ አቅልጣ፣ እንደ አራስ ልጅ ትከሻውን መስመር በመስመር እያሸች ቀባችው። ዋሌም ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ሰጣት። ሌላ ጊዜ አልዘልም ሲል አልሰማሁትም።

ቋጠሮው አልቆ ሰዉ መጣ። የሴቶቹ የእግር ቃጭልና ጥሩንባ ሜዳውን አናወጠው። በሬዎቹ ተደረደሩ። ዋሌ ልብሱን አውልቆ ሸሚዙን ሰጠኝ፤ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ሕዝቡ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አልወደቀም።

እያለከለከ ወደ እኔ መጣና በጆሮዬ፣ «አባባ፣ ሸንተረሩ ታየ እንዴ?» አለኝ።

በፈጣሪ ስም፣ እኔ አንድም አላየሁም አልኩት። ፊቱ በራ። ዱካ ግን በጎን ገላመጠችኝ።

መማል የማልወድ ሰው ነኝ፤ የማልኩትም እውነት ነው። ገና የመጀመሪያው በሬ ላይ እግሩን ሲያነሳ ፊቴን በሸሚዙ ሸፍኜ፣ ሕዝቡ አራተኛውን እስኪጮህ ድረስ አልገለጥኩም።