ተከዜን ቁልቁል

እኛ የዋግ ሰዎች ወንዝ ስናይ የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እንሻገረው? ክረምት ላይ እንረግመዋለን፣ በጋ ላይ ጫማችንን አውልቀን እናልፈዋለን። ለመዝናናት ብሎ በጎማ ጀልባ በሙላት ላይ ቁልቁል የሚጋልብ ሰው መኖሩን ስሰማ፣ የጥጋብ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ግን አላዳነኝም።

ጓደኛዬ ሞገስ ከዓረብ አገር ተባርሮ ሰቆጣ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሥራ የለም። ታዲያ አንድ ቀን ስልኩን ደቀነብኝና ፈረንጆች ጀልባ ላይ ሆነው ከአረፋ ጋር ሲታገሉ አሳየኝ። ይህን ተከዜ ላይ ካስጀመርን ቱሪስት ይመጣል፣ እኔም ሁለተኛ አልሰደድም አለኝ። የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ስለተለወጠ መሳቄን ተውኩና የጉዞው ጸሐፊ ሆንኩ። ዋና አልችልም፤ መጻፍ ግን እችላለሁ።

እንዴት ያለ ዕቅድ አወጣን መሰላችሁ! የራስ ቁር፣ የነፍስ አድን ጃኬት፣ ገመድ፣ የሦስት ቀን ስንቅ፣ ማደሪያው ሳይቀር። የቀረን ወንዙ የት ላይ ገደል እንደሚወርድ ማወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያው ዋግ ውስጥ ወዳለችው ዝቋላ፣ ተከዜ ዳር ወርደን፣ በሙላት ጊዜ ሰው በማሻገር ያረጁትን አያ ወልዱን ጠየቅናቸው።

«አያ ወልዱ፣ ከዚህ ወደ ታች ወንዙ እንዴት ነው? እርስዎ ያውቁታል ብለን ነው።»

«እኔ የማውቀው ማዶውን ነው፣ ልጄ። ወደ ታች የሄደ ሰው ተመልሶ አልነገረኝም።»

እኔም «መረጃ አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ።

ወሬው ቀድሞን ሰቆጣ ገብቶ ኖሮ የሞገስ እናት፣ እማማ ዘውዴ፣ የንስሐ አባታቸውን ይዘው ጠበቁን። «አንድ ልጄን ለውሃ አልሰጥም!» አሉ። አባም መስቀላቸውን አውጥተው ተከዜ እንዳይገባ ገዘቱት። ግዝት ነውና ሞገስ ምን ይበል? መስቀሉን ተሳለመ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለራሴ ነፍስ ደስ አለኝ። በዚያ ደስታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ወር ሳይሞላ ሞገስ ሻንጣውን አዘጋጀ። መንገዱን ከዚህ በፊት ሄዶበታል፤ መጀመሪያ በረሃ፣ ከዚያ ለጥቂት ዓሣ አጥማጅ በተሠራች ጀልባ ላይ እንደ ጆንያ ተጠቅጥቆ ባሕር መሻገር። ጃኬት የለ፣ የራስ ቁር የለ። ይህንኑ ለእማማ ዘውዴ ብነግራቸው «ሰው ሁሉ የሚሄድበት አይደል እንዴ?» አሉኝ። አባም መጥተው በዚያው መስቀል ባረኩት።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። አውቶቡሱ ከዓይናችን ሲሰወር እማማ ዘውዴ እንባቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ፣ መቼ ነው የምትሄደው?»