የቦቴዎች አዝማች ዓብዲናሲር ፎንት ያነገሡበት ዜና

በስመ አላህ እንጀምራለን፤ በሐቅም እንቀጥላለን። ሥራ አስኪያጇ ኸድራ በጋአን ሊባህ ሰፈር በውኃ ቦቴዎች ሁሉ ላይ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ የቢሮው ራውተር በአዲስ በተተካ በሁለተኛው፣ የሻይ ማፍያው በተቃጠለ በአምስተኛው ወር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ስመ ጥሩው፣ ባለ ሁለት ስክሪኑ፣ በድሬዳዋ አድገው በሀርጌሳ የጎለመሱት ዓብዲናሲር፣ ያረጀችውን ፎንታቸውን፣ ማለትም የስክሪናቸውን የፊደል ቅርጽ፣ ከዙፋኗ አውርደው አዲስ ሊያነግሡ ተነሡ።

የጦርነቱም ምክንያት ይህ ነው። ዓብዲናሲር ቦቴ ወደ ደንበኛ የሚልከውን ፕሮግራም የጻፉ፣ አሥራ አራት ዓመትም ተርሚናል በሚሏት ጥቁር መስኮት ትእዛዝ እየጻፉ ቦቴዎችን ያዘመቱ ሰው ናቸው። ባለፈው ሐሙስ ግን ዳሚ በተባለው ሰፈር ላለ የሠርግ ቤት፣ መለያው ቢ ሦስት ለሆነው፣ ውኃ እልካለሁ ብለው ሰማንያ ሦስት ብለው ጻፉ፤ ቢ የተባለችው የፈረንጅ ፊደል ስምንትን ትመስላለችና። ቦቴውም ወደ አየር ማረፊያው ገሥግሦ፣ ሮቶው ሞልቶ ከተረፈ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ደረሰ፤ ሾፌሩ ታዛዥ ሰው ነበረና ውኃውን ሁሉ ገለበጠው፤ ጎርፉም ታክሲዎቹ እስከ ቆሙበት ወረደ። በዳሚ ግን ሦስት መቶ ሠርገኛ ሩዙን በልቶ፣ የሚታጠብበት አጥቶ፣ ቅባታም እጁን ዘርግቶ ቀረ።

ኸድራም በቢሮው ዋትስአፕ፣ በጠራ ሶማሊኛ፣ አዋጅ አስነገሩ፦ «ያነበብክ ላላነበበ አስተላልፍ! ዳግመኛ ቦቴ ቢሳሳት፣ ወላሂ ተርሚናሉን ለሾፌሮች አለቃ ለካሂን እሰጣለሁ፤ ዓብዲናሲርም ከስልክ አንሺዋ ከሳምሳም ጎን ተቀምጦ ስልክ ያነሣል!»

ዓብዲናሲር ጥፋቱን በፎንቷ ላይ አሳበቡ። እውነቱ ግን ሌላ ነበረ፤ ታሪክ ጸሐፊ አያፍርምና እንናገራለን። ዓይናቸው ደክሟል። ፊደል ማየት ትተው መገመት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። ይህ ቢታወቅ ተርሚናሌ ይወሰድብኛል ብለው ፈሩ፤ እጅግም ፈሩ፤ ከዚያች ጥቁር መስኮት ሌላ ማንም «ጌታዬ» ብሎ የሚታዘዛቸው አልነበረምና። ከሚስታቸው እንኳ ደብቀው ለአንዲት ነፍስ ብቻ ገለጡ፤ እርሷም ከአዲስ አበባ የመጣችው የድረ ገጽ ሠሪ ስናፍቅሽ ናት። የገለጡላትም በአፍ አይደለም። ሁለቱ በኮዱ መካከል፣ ማሽኑ ዘሎት በሚያልፈው የማስታወሻ ስፍራ፣ በአማርኛ መተማማት ልማዳቸው ነበረ፤ በዚያ ቢሮ አማርኛ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም ብለው አምነው ነበርና። በመስመር አራት መቶ ሁለት ላይም እንዲህ ተጽፏል፦ «ዓይኔ ደክሟል፤ ኸድራ እንዳትሰማ።»

ወእምዝ ዘመቻው ሆነ። የተሰለፉትም እነዚህ ናቸው፦ ስናፍቅሽ፣ ባለ ኪቦርዷ፤ ሳምሳም፣ የሚጮኸውን ስልክ ትታ ለመፍረድ የመጣችው፤ ካሂን፣ ለሹመቱ ሲል ሽንፈትን የሚመኘው፤ ሁለት ሾፌሮች፣ ለቬንትሌተሩ ነፋስ ሲሉ የገቡ፤ አንድ ሌላም ሰው፣ ለምን እንደ መጣ እስከ ዛሬ ያልታወቀ።

በተርሚናል ዘንድ ለቀጭኗ የፈረንጅ ፊደል አይ እና ለሰፊው ደብልዩ እኩል መሬት የማያካፍል ፎንት አይነግሥምና፣ እንዲህ ያሉት ሁሉ ተጠሩ፤ ፍርድ እንዳያጋድልም ስማቸው ተሸፍኖ በቁጥር ብቻ ቀረቡ። የመጀመሪያው ከመቅጠኑ የተነሣ ረመዳንን ሁለት ጊዜ የጾመ መሰለ። አራተኛው ሁለት ምልክት ጎን ለጎን ባየ ቁጥር ኒካህ አስሮ አንድ ያደርጋቸው ነበርና ተባረረ። ሰባተኛው በዜሮ ሆድ ውስጥ ነጥብ አኑሮ ተገኘ፤ ሳምሳምም አፈጠጠብኝ ብላ ጮኸች። ዘጠነኛው አማርኛውን ሁሉ ባዶ ሣጥን አደረገው፤ ዓብዲናሲርም ለአደጉበት ፊደል ተቆጥተው አባረሩት። ያን ጊዜ ዝም ቢሉ ኖሮ ምስጢራቸው በሣጥን ተቆልፎ በቀረ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ በሠላሳ አንደኛው ፎንት፣ ስናፍቅሽ ተሰላችታ ጥቂት ነገር ነካካች። እነሆም እያንዳንዱ ፊደል የተምር ፍሬ አክሎ ወጣ። ዓብዲናሲርም ተነሥተው አወጁ፦ «ይህች ናት! ቢም ቢ ናት፣ ስምንትም ስምንት! አልሐምዱሊላህ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህች ያልጻፈ ከእኛ ወገን አይደለም!»

ጩኸቱን ሰምተው ኸድራ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። ስክሪኑ ላይ መስመር አራት መቶ ሁለት ተዘርግቷል። ስድስት እርምጃ ርቀው ትኩር ብለው ተመለከቱና ተመልሰው ሄዱ። ዓብዲናሲርም «ምን ገባት» ብለው በልባቸው ሳቁ። ኸድራ ግን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ኖሮ እንጂ፣ ጅግጅጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ናቸው።

በማግሥቱ ኮዱ ሲከፈት፣ በመስመር አራት መቶ ሦስት ላይ፣ በደህና አማርኛ አዋጅ ተገኘ፦ «ኸድራ ሰምታለች። የእኔም ዓይን ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህን ግን ከበር ላይ አነበብኩ፤ ስለዚህ ፎንቷ ትጽና። ተርሚናሉ ያንተ ነው። መነጽር ግን ወላሂ ታደርጋለህ፤ እኔም አደርጋለሁ። ስለ እኔ በመስመር ዘጠና ላይ የጻፋችሁትን ደግሞ አጥፉ።» ዓብዲናሲርም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ፤ ከእፎይታም ከእፍረትም ነበረ።

መነጽሩም በመጣ ቀን፣ የድል አድራጊዋን ፎንት ስም ገልጠው አነበቡ። ከዙፋኗ ያወረዷት ያችው አሮጊት ነበረች፤ ስናፍቅሽ መጠኗን ከአሥራ አንድ ወደ ሃያ ስድስት ከፍ አድርጋ መልሳ አቅርባታለች። ዓብዲናሲር ስናፍቅሽን ተመለከቱ፤ ስናፍቅሽ ቬንትሌተሩን ተመለከተች። ለእኔም «ይህ እንዳይጻፍ!» የሚል አዋጅ ወጣልኝ፤ እነሆ ጻፍኩት።

ስለዚህ ክብር ለዓብዲናሲር ይሁን፤ ሠላሳ ፎንቶችን ድል ነሥተው የራሳቸውን መልሰው ለማረኩ፣ ከዚያም ወዲህ አንዲት ቦቴ እንኳ ላላሳቱ፣ ባለ ሁለት ስክሪን፣ አሁንም ባለ አራት ዓይን ለሆኑ ጀግና። ዳሚ እጇን ታጥባ ታመስግናቸው። አሚን።