የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ሜዳ

ትናንት ከሰዓት ሶፋ ላይ ጋደም እንዳልኩ በሕልሜ ለምለም ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር። መሀሉ ላይ ትልቅ የጦር ሄሊኮፕተር አርፏል። ሜዳው የቁልፍ ቀዳዳ እንዳለው ያስተዋልኩት ግን ዘግይቼ፣ የጫማዬ ተረከዝ ከተሰነቀረበት በኋላ ነው።

ልጄ ሚልኪያስ ሰኞ ለሄሊኮፕተር አብራሪነት እመዘገባለሁ ካለኝ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ ቀን ነው የምተኛው። በሕልሜም የሮጥኩት እሱን ላስቀር ነበር።

ሄሊኮፕተሩ ፊት የተሰለፉት ግን እናቶች ናቸው። በዚያ አገር የሚዘምተው እናት ነው፤ ልጅ ፈርሞ ይሸኛል። ጎረምሶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አጥሩ ሥር ያለቅሳሉ።

"ስትደርሺ ደውይ! ሹራብሽን እንዳታወልቂ!"

መዝጋቢው ኮሎኔል ቁመቱ አውራ ጣቴን አያክልም። የክብሪት ቀፎ ላይ ቆሟል፤ እግሩ በሙጫ ተጣብቋል።

"ስም?"

"ይርገዱ ኃይሌ። ጌታዬ፣ ልጄን አትውሰዱብኝ።"

"ልጅሽን ማን ፈለገው? ትምህርት?"

"አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ።"

"ጭንቀትስ አለሽ?"

"የምን ጭንቀት?"

"ነዳጃችን እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ግድ የሌላት ሴት ጭነን አልነሳም አለ።"

"እኔማ ልጄ ሲያስነጥስ ሳንባው ነው እላለሁ። ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው እላለሁ። ዛሬ ደግሞ አልጠራም፤ ለምን እንዳልጠራ..."

"በርሜል አምጡ!" ብሎ ጮኸ ኮሎኔሉ።

ሦስት በርሜል ሞላሁ። ያኔ ሚልኪያስ ሜትር ይዞ መጣና ከራስ ጸጉሬ እስከ እግሬ ለካኝ።

"እማዬ፣ ቀጥ በይ። እቅዱ ላይ ከጅራቱ ጀርባ ነው ቦታሽ።"

"እራትህን ማን ያቀርብልሃል?"

"ኮሎኔሉ።"

"ሽሮ እሞክራለሁ" አለ ኮሎኔሉ አንገቱን ደፍቶ።

ልጄ ፈረመ። እንባውን በነጠላው ጠረገና ሙጫ ጫማዬ ሥር አፈሰሰ። የሄሊኮፕተሩ ክንፍ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሜዳው መሽከርከር ጀመረ። ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴን መታኝ። ከመሬት በታች አንድ ሰው ኳ ኳ ያደርጋል።

"ቤቴን ሳልቆልፍ አልሄድም!" ብዬ ጮህኩ።

"የምን በር አለሽና?" አለ ኮሎኔሉ። እናቶቹ ሁሉ ሳቁ። ነቃሁ።

ነፋሱ አልቆመም። የሳሎኑ በር በነበረበት ቦታ መንገዱ ይታየኛል። የጎረቤት ውሻ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። በሩ ተነቅሎ ሁለት ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ ተነጥፏል። ትንሽ ድንኳን፣ በርሜሎቹ፣ ሃያ ትንንሽ ወታደሮች፣ መሀል ላይ ደግሞ ሚልኪያስ አራት ወር ሙሉ የገጣጠመው የፕላስቲክ ሄሊኮፕተር። ልጄ መዶሻውን አስቀመጠ።

"ተነሳሽ እማዬ? ጣውላ ፈልጌ አጣሁ። እቅዴ ሁለት ሜትር በዘጠና ነው፤ በሩ ደግሞ ልክክ አለ።"

"ሌባ ቢገባስ?"

"ይኼ ሁሉ ወታደር እያለ?"

"አትቀልድብኝ!"

"ሰኞ ለምዝገባ ስሄድ ጓደኞቼ ይሸከሙልኛል። መዝጋቢዎቹ ይኼን አይተው እምቢ አይሉኝም።"

"አሁን ሙጫው ደርቋል?" አልኩት።

"ድንጋይ ሆኗል። በመጋዝ ካልሆነ አይነሳም።"

ትንሽ ደስ አለኝ፤ ፊቴን ግን አጨፈገግኩ።

"እንግዲያው በሩን መልሰህ ግጠም። እኔ ያለ በር አላድርም።"

እያጉረመረመ ገጠመው። ሄሊኮፕተሩ አፍንጫውን ወደ ጣሪያው ቀስሮ ተንጠለጠለ፤ ወታደሮቹ ሁሉ በጎናቸው ተጋደሙ። ውሻውን ወደ ውጭ አባረርኩት።

"ሰኞ ጠዋት እነቅለዋለሁ" አለ ሚልኪያስ ወለሉ ላይ በዓይኑ እየፈለገ። "መፍቻውን አየሽው?"

"እኔ እንጃ" አልኩ። መፍቻው ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር።

የቁልፉን ቀዳዳ ሣሩ ውስጥ በጣቴ ዳብሼ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ ቆለፍኩ።