ጋሽ ከሊፋ ሳያውቁ የተገዛው ምድጃ

በአዲስ አበባ የትኛውም ሰፈር ብትኖሩ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ሳታገኙ የማታልፏቸው አንድ ሰው አሉ። ወረዳው አልሾማቸውም፣ ደሞዝ የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም። ነገር ግን ቴሌቪዥን ይሁን ፍራሽ፣ የውሃ ታንከር ይሁን የመጋረጃ ዘንግ፣ እሳቸው አገላብጠው ሳያዩት የተገዛ ዕቃ በዚያ ሰፈር ዕቃ አይባልም። የእናንተ ሰፈር ሰው ማን እንደሆኑ አላውቅም። የእኛ ጋሽ ከሊፋ ናቸው።

ክቡር ጋሽ ከሊፋ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከእኛ ጋር አጥር ተጋርተው የሚኖሩ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት መርካቶ ጨርቅ ነግደው ሱቁን ለልጃቸው ለሰልሳቢል ካስረከቡ ወዲህ፣ መላ ጊዜያቸውን የሰው ግዢ ለማጥናት አውለውታል። የሚያዘወትሯት ቃል አንዲት ናት፤ «ይጠና» ይላሉ። አንድ ዕቃ ልትገዙ መሆኑን ከሰሙ ጠቋሚ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ያነሱና፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ቆይ፣ አትቸኩል፣ ይጠና» ይላሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ከእጃችሁ ወጥቷል ማለት ነው።

በአንድ ግቢ አብሮን የሚኖረው ተክለሃይማኖት አንድ ጊዜ የበር ቁልፍ መግዛት ፈልጎ አማከራቸው። ጥናቱ ሁለት ወር ፈጀ። ሁለቱን ወር ሙሉ ተክለሃይማኖት በሩን በድንጋይ ደግፎ ነበር የሚተኛው። አንድ ቀን ሌባ ቢመጣስ ሲላቸው፣ ሌባ የሚሰብረው ቁልፍ ያለውን በር ነው ብለው አጽናኑት። እርግጥ ነው፣ በመጨረሻ የተገዛው ቁልፍ ይኸው ስድስት ዓመቱ፣ እስካሁን ይሠራል። ይህን ተክለሃይማኖት ራሱ ያምናል፤ ግን በደስታ አይደለም።

ከጋሽ ከሊፋ ጋር ገበያ መውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ዕቃውን ይገለብጡታል፣ ገመዱን ያሸቱታል፣ ካርቶኑን ያንኳኩታል። ከዚያ ሻጩን ትኩር ብለው አይተው ይህን ዕቃ እናቱ ቤት አስገብቶት እንደሆነ ይጠይቁታል። ሻጩ አስገብቻለሁ ካለ የእናቱን ስልክ ይጠይቁታል። አንድ ወጣት ሻጭ እውነትም ደውሎ አገናኝቷቸው፣ ከእናቱ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ማቀዝቀዣ አውርተው፣ ሳይገዙ ተመርቀው ወጥተዋል።

ይህን ሁሉ ሳወራ እየሳቅኩ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ሳቅ አልነበረም።

ባለቤቴ ሶፊ ትሠራበት የነበረው ድርጅት ተዘግቶ ሰባት ወር ቤት ተቀምጣ ነበር። ሶፊ ቤት የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። መጀመሪያ ሳቋ ጠፋ፣ ቀጥሎ ወሬዋ ጠፋ፣ በኋላ ማታ ስገባ «እንዴት ዋልሽ» ማለት ራሱ ያስፈራኝ ጀመር። በዚህ መሀል አስኮ መንገድ ላይ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለሃያ አራት ሠራተኞቹ ምሳ የሚያቀርብለት ሰው እንደሚፈልግ ሰማች። ሄደች፣ ቀመሱላት፣ ወደዱላት። ከአንድ ወር በኋላ የሚጀምር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚቆይ የአንድ ሳምንት ሙከራ ሰጧት። ምሳው ስድስት ተኩል ላይ መድረስ አለበት፤ አንድ ቀን ካረፈደ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ስለ ሽሮ አወራችኝ። ሽሮ እንደዚያ ሲያስደስተኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የቀረው ምድጃ ብቻ ነበር። ያለችን ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ገመዷ በፕላስተር የታሰረ፣ ለሁለታችን ወጥ ለማድረስ እንኳ የምትለመን ነበረች። እኔም ሞኙ በማግስቱ አጥሩ ላይ ተደግፌ «ጋሽ ከሊፋ፣ ለሶፊ ምድጃ ልንገዛ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። ጣታቸው ተነሳ።

ጥናቱ በጋዝ ተጀመረ። ጋዝ ጥሩ ነው አሉ፤ መብራት ሄደ አልሄደ አይልም፣ ትልቅ ድስት ይችላል። ግን ሲሊንደሩ የሚያልቀው ወጡ ሊወርድ ሲል ነው፤ ከዚያ ባዶውን ተሸክመህ ሰፈር ለሰፈር «አልገባም» እየተባልክ ትዞራለህ። ይጠና። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ኤሌክትሪክ ተሻገሩ። እሱም ጥሩ ነው፤ ማንም ያውቀዋል፣ ሲበላሽም የሚጠግነው አይጠፋም። ግን የእናንተ ቆጣሪ የሦስት ቤት ነው፤ ሶፊ ድስት ጥዳ ተክለሃይማኖት ካውያ ከሰካ ግቢው ይጨልማል። ይጠና። በሦስተኛው ሳምንት ኢንዳክሽን የሚባለው መጣ። ይኼኛው፣ አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሳት ሳይታይ የሚያበስል ነው፤ ቶሎ ያፈላል፣ መብራትም ይቆጥባል ይባላል። እኔ ገና ደስ ሳይለኝ ጣታቸው ተነስታ አየኋት። ይህን እንኳን በደንብ ማጥናት አለብን አሉ።

በየቀኑ አመሻሽ ላይ አዲስ ግኝት ይዘው በአጥሩ በኩል ይጠሩኛል። ሶፊ ከውስጥ ሆና ትሰማለች። ሰኞ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እኔ ከአጥሩ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዳዊ፣ ሰኞ ሃያ አራት ሰው ምሳ ይጠብቀኛል» አለች። «ወይ የጋሽ ከሊፋን ጥናት ወይ የእኔን ሥራ ምረጥ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ከሊፋን ሳናማክር መርካቶ ወረድን። እንዲህ ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ ያን ዕለት ግን ታክሲ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ነው የሄድኩት። ሻጩ ባለ ሁለት ዓይን ኢንዳክሽን አውጥቶ ውሃ ጣደ። ገና ዋጋውን ሳንጨርስ ውሃው ተንተከተከ። ወረቀት ከድስቱ ሥር አስገባ፤ ወረቀቱ አልተቃጠለም። ሶፊ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ ያን ሳቅ ሳይ ኪሴን መፈተሽ ጀመርኩ። ሻጩ ትንሽ ድስት ምርቃት ብሎ ጨመረልን።

ችግሩ ዕቃውን ሰፈር ማስገባት ነበር። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወርደን ለዚሁ ብለን በያዝነው ብርድ ልብስ ጠቀለልነው። ሶፊ እኔ ልያዝ ብላት እምቢ ብላ እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች። ጋሽ ከሊፋ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ብርድ ልብስ ነው፣ ጋሽ ከሊፋ» አልኩ ሳልጠየቅ።

ብርድ ልብሱን አዩት። ሶፊን አዩዋት። አራት ማዕዘን የሆነ ብርድ ልብስ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም ነበር መሰለኝ። ግን ጣታቸው አልተነሳም። «የሲሳይ ያድርግላችሁ» ብለው መረቁን። ብርድ ልብስ በሲሳይ ሲመረቅ ሰምቼ ስለማላውቅ ትንሽ ከበደኝ፤ ግን ፈጠን ብዬ አለፍኩ።

እሁድ ሻይ አፈላንበት። በምርቃቷ ድስት ምስር ሠራንበት። ሁሉም ጥሩ ነበር። አመሻሹ ላይ ከእድራችን መጋዘን ሁለት ትልልቅ ድስት ፈርሜ ተሸክሜ መጣሁ። የእኛ ሰፈር ሰው ለብዙ ሰው ሲያበስል ሌላ ድስት አያውቅም። ለቅሶም ሠርግም ያለፈው በእነዚያ ድስቶች ነው፤ ሶፊም እኔም ከነሱ ሌላ ሊኖር ይችላል ብለን አላሰብንም።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሶፊ የመጀመሪያውን የእድር ድስት ጣደች። ምግቡ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው፤ ከሃያ አራቱ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል እንዲበላ ብላ ለመጀመሪያው ሳምንት ሥጋ አላስገባችም። ቁልፉን ነካች። ምድጃው ሦስት ጊዜ ጮኸና ጠፋ። እንደገና ነካች። ሦስት ጊዜ ጮኸና ጠፋ። ድስቱን አነሳን፣ ጠረግን፣ አዞርን። የምርቃቷን ድስት ስናስቀምጥ ይሠራል፤ የእድሩን ስናስቀምጥ ይጮሃል። ያኔ ነው ሻጩ በፍጥነት ሲናገር የነበረው ትዝ ያለኝ፤ አልሙኒየም አይቀበልም ብሎ ነበር። የእድራችን ድስት ሁሉ አልሙኒየም ነው።

ሶፊ በሦስት ሰው ድስት ለሃያ አራት ሰው ልትሠራ አንድ ጊዜ ሞከረች፤ ስንት ዙር እንደሚፈጅ በልቧ ስትቆጥር አየኋት። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች።

«አለቀ» አለች። «ገና ሳልጀምረው።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሰባቱን ወር የማውቀው ፊት ተመልሶ ሲመጣ ሳይ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወደ ጋሽ ከሊፋ ቤት ሮጥኩ።

መንገድ ላይ የምቀበለውን ስድብ እያሰላሁ ነበር። በራቸው ተከፍቷል። እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ቁጭ ብለዋል። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ።

«ድስቶቹን አምጣቸው፤ ሶፊም ትምጣ» አሉ። «ራህማ ጋዙን ለኩሳዋለች።»

ባለቤታቸውን እትዬ ራህማን ለዓመታት ባውቃትም ኩሽናቸው ገብቼ አላውቅም ነበር። አንድ ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ አለ። አጠገቡ የኤሌክትሪክ አለ። ጥጉ ጋ፣ ጨርቅ የለበሰ፣ የእኛን ቁርጥ የሚመስል ኢንዳክሽን አለ። አፌ ክፍት ብሎ ሲቀር እትዬ ራህማ ሽንኩርቱን እየጨመረች፣ እሱ ሦስቱንም የገዛቸው ማንንም ሳያማክር ነው፤ ለሰው የሚያወራው ሁሉ እዚህ የተማረውን ነው አለችኝ። ጋሽ ከሊፋ አንገታቸውን አስገብተው ክዳኑን ከፈት አድርጉት ሲሉ ከኩሽና አባረረቻቸው። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የማማሰያ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ ይቀባበላሉ፤ እኔ ምስር አቀብላለሁ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ምግቡ ታሽጎ ሶፊ ታክሲ ውስጥ ገባች። ስድስት ከሃያ ላይ «ደረስኩ» ብላ ደወለች። እኔ በረንዳው ላይ ዘፍ አልኩ።

ያኔ ነው እትዬ ራህማ የነገረችኝ። ጋሽ ከሊፋ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት ገብተው፣ እነዳዊ ያንን እሳት የሌለውን ገዝተዋል፣ በእድር ድስት ሊሠሩበት ነው፣ አይቀበላቸውም አሏት። ቤታቸው ያለው ሲሊንደር ባዶ ነበር። እሁድ ቀኑን ሙሉ የተሞላ ሲሊንደር ሲፈልጉ ዋሉ፤ በስድስተኛው ቦታ አገኙ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የትም አልሄዱም። ጎሕ ሲቀድ ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ወደ እሳቸው ዞሬ፣ እያወቁ ለምን ዝም እንዳሉኝ ጠየቅኩ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄም ነበር። እሁድ ዕለት በአጥሩ በኩል አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት?

ጋሽ ከሊፋ ጣታቸውን አላነሱም።

«ዕቃ ሳይገዛ ይጠናል» አሉ። «ከተገዛ በኋላ ይመረቃል እንጂ አይነቀፍም። ደግሞስ ያን ዕቃ አቅፋ ስትገባ ሚስትህን አይተሃታል? ሰባት ወር ሙሉ በዚህ በር አቀርቅራ ስታልፍ አያታለሁ። ቅዳሜ እየሳቀች ገባች። እኔ ምን ቤት ነኝና ነው የማስኮርፋት?»

ስንት ዓመት ሙሉ ዕቃ የሚያዩ ይመስለኝ ነበር።

ሳምንቱን ሶፊ በእትዬ ራህማ ጋዝ ጨረሰችው። ዓርብ ዕለት ከሥራ ስመለስ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድኩ። ረጅም የታክሲ ሰልፍ አለ፤ መሀሉ ላይ ጋሽ ከሊፋ ቆመው ለማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ያወራሉ። ጎረቤታቸው የሆነች አንዲት ልጅ ለአንድ ዓመት ውል ፈርማለች፤ ምሳዋ አንድ ቀን አላረፈደም፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ሰው ሊሆን ነው። ሰልፈኛው ግራ ተጋብቶ ይሰማል፤ አንዲት ሴትዮ «እልል» ብላላቸዋለች።

ሶፊ ከእኔ በፊት ለእሳቸው ደውላ ነግራቸዋለች። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ዜናውን እኔ ገና እንዳልሰማሁ ያን ጊዜ ገባቸው። «አንተ፣ አልነገረችህም እንዴ?» አሉኝ እንደ ጥፋተኛ።

ቅር ሊለኝ ይገባ ነበር ይሆናል። እዚያው ሰው መሀል ጥብቅ አድርጌ አቀፍኳቸው።