ጋዜጣ ላይ አይጻፍም

ከጭሮ እስከ መቻራ፣ ጋዜጣ አከራይ የሌለው ከተማ ከተማ አይባልም። ጋዜጣ አከራይ ሁሉ ደግሞ ከጋዜጠኛው የበለጠ አውቃለሁ ባይ ነው። የእኛው ክቡር ጋሽ አብዱረዛቅ የሁሉም አለቃ ናቸው።

ጫት አዲስ አበባ አድርሶ የሚመለሰው መኪና ሁለት ጋዜጦች መናኸሪያው በር ላይ ይጥልላቸዋል፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የግል። አግዳሚያቸው ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለት ሕግ ያከብራል። አንደኛ፣ ጋዜጦቹ የሚከራዩት በጥንድ ነው። "አንዱን ብቻ አንብበህ ሄደህ ሰው አታሳስት" ይላሉ። ሁለተኛ፣ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም። መምህር ዋሲሁን የቃላት ጨዋታውን አንዲት ሳጥን በብዕር ስለሞላ አግዳሚው ተከልክሎ ሁለት ወር ሙሉ ቆሞ አንብቧል።

ጋሽ አብዱረዛቅ የሚጠይቁት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጎረቤቴ ሳጂዳ መንታ ወለደች ብላቸው እንኳ "ገጽ ስንት ላይ?" አሉኝ።

የብሔራዊ ደህንነት አዋጁ የወጣ ሰሞን ደግሞ ነገሡ። አንዱ ጋዜጣ በፊት ገጹ "የሰላም አጥር" አለው፤ ሌላው "የአፍ ልጓም"። ጎን ለጎን ዘርግተው ብዙ ቆዩና "አጥር ያሉትም ልጓም ያሉትም አንቀጽ አሥራ አራትን ነው። አንቀጹን ግን አንዳቸውም አላተሙትም" አሉ።

"ታዲያ የቱን እንመን ጋሼ?" አለ ጫት ነጋዴው ሳቢር።

"አንተ መጀመሪያ ገልብጥ። ገጽ አሥራ አንድ ሳትደርስ ማመን ምንድነው?"

ልጄ ኢያኤል እዚሁ በደሳ ከተማ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነበረው። ሰው ያመጣለትን ያባዛል፤ የዕድር ደንብ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የፈተና ወረቀት። አንድ ቀን አንድ ሰው አዋጁን የሚቃወም ወረቀት አመጣለት፤ እሱንም አባዛ። ወሰዱት። በአርባ ሦስተኛው ቀን ሬሳውን ውሰዱ ተባልን።

ሁለቱም ጋዜጦች ጻፉ። የመንግሥቱ ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ "ሕገወጥ ጽሑፍ በማሰራጨት የተጠረጠረ የ31 ዓመት ግለሰብ በሕመም ሞተ።" የግሉ ፊት ገጽ ላይ፣ "ወጣቱ ታጋይ ኤርሚያስ የአዋጁ የመጀመሪያ ሰለባ ሆነ።" ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ታጋይም አልነበረም፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ከሁለቱ ስሙን እንኳ ደውሎ የጠየቀኝ የለም።

ጋሽ አብዱረዛቅ ለቅሶ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ስለ ጋዜጦቹ ሲያወራ ገጽ ስንት አላሉም። ሲነሱ ብቻ ጠጋ አሉኝ።

"እህቴ ዘውድነሽ፣ ዕድሜው ስንት ነበር?"

"ሃያ ስድስት።"

"ኮፒ ነበር የሚሠራው፣ አይደል?"

"ኮፒ ነበር።"

"በቃ። አላህ ያጽናሽ።"

ከአርባው በኋላ በመናኸሪያው ሳልፍ ሳቢር ጠራኝና ሁለት ያረጁ ጋዜጦች አሳየኝ። በሁለቱም ላይ ስለ ልጄ የተጻፈው በቀይ ብዕር ተሰርዟል። ከጎኑ በደቃቅ የእጅ ጽሕፈት፣ በሁለቱም አንድ ዓይነት፣ "ኢያኤል ሞገስ። 26 ዓመት። ፎቶ ኮፒ ያደርግ ነበር" ይላል።

"ይህን ሳናነብ የዛሬውን አይሰጡንም" አለ ሳቢር።

ጋሽ አብዱረዛቅ ቀና አላሉም።

"ጋዜጣ ላይ አይጻፍም ብለው አልነበር?" አልኳቸው።

"እርማት ነው" አሉ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉልኝ፤ ተቀመጥኩ።