በመጀመሪያው ቀን እሺ ያሉት የሞጣ ሰው

ከክፉ ሰው ይልቅ ደግ ሰው ያስፈራኛል። አዎ፣ አትገላምጡኝ! ክፉ ሰው ምን ያደርጋችኋል? ግንባሩን ቋጥሮ ሲመጣ ገና ከሩቁ ታዩትና መንገድ ትቀይራላችሁ፤ አለቀ። ጣጣው ደጉ ነው... ጉንጫችሁን ስሞ፣ ልጆቻችሁን በየስማቸው እየጠራ ጠይቆ፣ ኮታችሁ ላይ ያረፈችውን ብናኝ በጣቱ አራግፎ... ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አያቶቻችን «አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ» ያሉት ቴሌቪዥን ሳይኖራቸው ነው። ቢኖራቸው ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር እናንተው ገምቱ።

እኔ ይህን ጥበብ ያገኘሁት ከተከታታይ ድራማ ነው። ቢቸና የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ቀን ስለ ዓባይ ሸለቆ አስተምራለሁ፤ ራት ሲቀርብ ግን ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተማሪ ሆኜ እቀመጣለሁ። ድራማው የባሕር ማዶ ነው፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ። በውስጡ አንድ አጎት አለ። አጎትዬው የታመመ ወንድሙን በገዛ እጁ ሾርባ እየሠራ በማንኪያ ያጠጣዋል። የወንድሙን ልጆች የጫማ ክር ተንበርክኮ ያስራል። ወንበር ሲስቡለት ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ለእኔ አታስቡ» ይልና ይቆማል። አስካለ «ምነው እንዲህ ያለ አጎት በሰጠኝ!» ብላ አልቅሳለታለች። እንባዋ ሳይደርቅ... ወይ ሾርባ! ወንድምየው ሾርባውን ጠጥቶ ሲያሸልብ አጎትዬው ማንኪያውን አስቀመጠና ፈገግታውን እንደ ባርኔጣ አወለቀው፤ ለካ ሾርባው መርዝ ኖሮበታል! አስካለ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በአጎትዬው መሰላችሁ? በእኔ ነው እንጂ!

«ባለፈው ሳልጠይቅህ ሻይ አፍልተህልኛል» አለችኝ። «ምን አስበህ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ነቃሁ። ልቦለድ ስጡኝ፣ ቴያትር ስጡኝ፣ ገና በመጀመሪያው ገጽ ከሁሉ ደጉን ፈልጌ «እሱ ነው!» እላለሁ፤ ስቼም አላውቅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ችግሩ ቴሌቪዥኑን ሳጠፋ ጥርጣሬው አብሮ አልጠፋ ማለቱ ነው። ባለሱቁ ደኅና አደርህ ሲለኝ እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» እያልሁ ማሰብ ጀመርሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ከሞጣ የደወለው።

«አያ፣ ሽማግሌ ላክልኝ።»

ይበልጣል ሞጣ የግብርና ባለሙያ ነው። እመቤት የምትባል የዚያው ከተማ ልጅ፣ ነርስ፣ ወድዷል። አባታችን ሲሞት ይበልጣል ስድስት ዓመቱ ነበር። ደብተሩን እየሸፈንሁ፣ ሲታመም ትከሻዬ ላይ እያስተኛሁ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም እንጂ በጣም እወደዋለሁ። ስለዚህ ሽማግሌ ላክልኝ ሲለኝ «እኔው ራሴ እመጣለሁ» አልሁት። አስካለ ጋቢዬን እያጠፈች «አደራህን፣ ድራማህን እዚሁ ትተኸው ሂድ» አለችኝ። እሺ አልኋት።

ሦስት ሆነን ሄድን። አንደኛው የሰፈራችን የቅኔ መምህር መሪጌታ ጥበቡ፣ ሁለተኛው ከንግግሩ ይልቅ ለመስተንግዶው የሚጓዙት ጎረቤቴ አቶ ጫኔ፣ ሦስተኛው እኔ። መሪጌታ ሚኒባሱ ውስጥ ሥርዓቱን አስጠኑን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ቆመን እንናገራለን። አባትየው 'ዘመድ ላማክር' ብለው ይመልሱናል። ደግመን እንሄዳለን። ደግመው ይመልሱናል። ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም።»

እውነታቸውን ነው። የእኔ አማት ሽማግሌዎቼን አራት ጊዜ መልሰዋቸዋል። በሦስተኛው ጊዜ እንዲያውም ዝናብ ላይ አቁመው ውሻ ፈትተውባቸዋል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲጠሉኝም በግልጽ ነበር!

የእመቤት አባት አቶ ሞላ ግን በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በር ላይ! የመሪጌታን ጃንጥላ ተቀበሉ፤ አቶ ጫኔን ደግፈው ደረጃውን አስወጡ። «መንገዱ አደከማችሁ? ግቡ፣ ቤቱ የእናንተ ነው» አሉን። ባለቤታቸው እትዬ የሻሽ ነጭ ማር በሳህን ይዘው ብቅ አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ ቆፍጠን ብለው።

«እንግዲያው ቶሎ ይናገሩና ይቀመጡ፤ ጉልበትዎን እንዳያምዎት» አሉ አቶ ሞላ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ሲያሰናዱት የመጡት ንግግር ነበራቸው። ከአዳም ጀመሩ። ገና ኖኅ ላይ ሲደርሱ አቶ ሞላ አቋረጧቸው።

«ለይበልጣል ነው አይደል? ጨዋ ልጅ ነው። ልጄም ወድዳዋለች። ሰጥቻለሁ፤ እግዜር ይባርክላቸው። በሉ ቁጭ በሉ።»

መሪጌታ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ፤ ኖኅም መርከቡ ላይ እንደ ተሳፈረ ቀረ። አቶ ጫኔ ብቻ ቁጭ ብለው ማሩን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

እኔን ላብ አጠመቀኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱ! ዘመድ ላማክር የለ፣ እስከ ሰባት ቤት ዘር ቁጠሩ የለ፣ ልጁ ይጠጣል ወይ ብሎ መጠየቅ የለ... ይህ ሁሉ ደግነት ከየት መጣ? ወንድሜን ምን ሊያደርጉት ነው? ልቤን ለማረጋጋት ያህል የራሴን ወንበር አቀረብሁላቸው። አቶ ሞላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ፈገግ አሉ...

«ለእኔ አታስቡ» አሉኝ።

ቃል በቃል! ፈገግታው ሳይቀር! ዓይኔ ወደ ማሩ ሄደ። አቶ ጫኔ ሳህኑን አጋምሰውታል።

«አቶ ጫኔ፣ ይብቃዎት!» አልሁ።

«ምነው? ጥሩ ማር ነው እኮ!»

ያም ምስኪን ወንድም «ጥሩ ሾርባ ነው» ብሎ ነበር። ወደ በሩ ዞርሁ። አፌ እኔን ሳያማክር ተናገረ።

«እኛ... ዘመድ አማክረን እንመለሳለን።»

«ማን ነው የሚያማክረው?» አሉ አቶ ሞላ።

«እኛ።»

«የጠየቃችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

«ነን።»

«እኔስ አልሰጠሁም?»

«ሰጥተዋል። እሱ ነው ያሳሰበን።»

ልጅ ስጡኝ ብሎ ሄዶ፣ ሲሰጡት «ላስብበት» ብሎ የወጣ ሽማግሌ ቢቸናም ሞጣም ከተቆረቆሩ ጀምሮ ያለ አይመስለኝም። አቶ ሞላ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። ጃንጥላውን ለመሪጌታ መለሱላቸው።

መሪጌታ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አላናገሩኝም። ከዚያ «ምን አይተህ ነው?» አሉኝ።

«ደግነታቸው ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ» አልሁ። «ሰሙን ገልጦ ወርቁን መፈለግ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?»

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ቅኔ አስተምሬያለሁ። ወርቅ የሌለው ሰም አለ። ዝም ብሎ ሰም ነው፤ ጧፍ ይሠሩበታል።»

በማግስቱ ይበልጣል ደወለ። አልጮኸም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አያ፣ እመቤት ሥራ ቦታዋ አንገቷን ደፍታ ነው የምትውለው። 'ሽማግሌ የሸሻት ምን ነውር ቢገኝባት ነው?' እየተባለ ነው። አባቷ ምን አደረጉህ?»

«ደግ ሆኑብኝ» አልሁ።

«እኔ በዚህ ዓለም እንደ አንተ ያለ ደግ አላውቅም ነበር» አለና ስልኩን ዘጋው።

አለቀስሁ። ወግ ጸሐፊ ነው፣ ለማሳቅ ያለውን ነው እንዳትሉ፤ የምሬን አለቀስሁ። አስካለ መሐረብ ሰጠችኝ። እስክጨርስ ጠበቀችና «ድንጋይ ፈልግ» አለችኝ።

በእኛ አገር ከባድ በደል የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ የተበደለው «አውርድ» እስኪለው ድረስ ከትከሻው አያወርድም። ድንጋዩን የመረጡልኝ መሪጌታ ናቸው። እኔ ያነሣሁትን አዩና «ይህ ዶሮ ለበደለ ነው» ብለው የወፍጮ መጅ የሚያህል አሸከሙኝ።

«ሞጣ ድንጋይ ጠፋ?» ብላቸው፣

«ጥፋቱን ከቢቸና ነው ይዘህ የሄድኸው፤ ድንጋዩም ከቢቸና ይሂድ» አሉኝ።

መሪጌታና አቶ ጫኔም አብረውኝ ተሳፈሩ፤ እኔ ድንጋዩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ያለች ሴት ዝም ማለት አቃታት።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ድንጋይ።»

«ለምን?»

«ለይቅርታ።»

ድንጋዩን አየች፤ እኔን አየች። «ሰው ገድለው ነው እንዴ?» አለችና ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያላችሁ ሰዎች፣ የጠረጠረስ እንዲህ እንደሚሆን ለምን አልነገራችሁኝም?

ዛሬ በር ላይ የጠበቀን የለም። ይበልጣል ከአጥሩ ውጭ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አቶ ሞላ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል። ማርም የለም። አታምኑኝም እንጂ ለአንድ አፍታ «አዎ፣ አማት እንዲህ ነው!» ብዬ ልቤ አረፈ። እትዬ የሻሽ ከጓዳ ብቅ ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«እኔ ያን ዕለት ገና ፈገግ ብሎ ሲገባ ነው የጠረጠርሁት!» አሉ። «ወንድሙን ያሳደገ፣ ደግ፣ ለስላሳ ሲባል ቆይቶ፣ በመጨረሻ የልጅ ትዳር የሚያፈርሰው እንዲህ ያለው ነው። ቁርጥ ያ ሾርባ አጠጪው አጎት!»

ድንጋዩ ከትከሻዬ ሊያመልጠኝ ነበር። «እርስዎም ያዩታል?»

«ማን የማያየው አለ?»

ደግ መሳይ ክፉ ፍለጋ ሞጣ ድረስ ተጉዤ፣ ለካ ሰውዬውን ከቢቸና ይዤው የሄድሁት እኔው ነኝ! ጥፋቴን ተናዘዝሁ። ሾርባውንም፣ ማሩንም፣ «ለእኔ አታስቡ» ያሏትንም ቃል አልደበቅሁም። «አባት ሆኜ ነው ያሳደግሁት። ክፉ እንዳያገኘው ፈራሁ» አልሁ።

አቶ ሞላ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«የየሻሽ አባት ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ መልሰውብኛል» አሉ። «ያን ጊዜ ነው 'ልጅ ብወልድ የሰው ልጅ አላንከራትትም' ብዬ የማልሁት። ደግነት እንዲህ ያስፈራል ብዬ አላሰብሁም። እንግዲያውስ ሥርዓቱ ይጠበቅ፤ ዘመድ አማክሬ መልስ እሰጣለሁ።»

ይበልጣልን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አቶ ሞላ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። እመቤት እዚያው ናት። ሹክሹክታ ሰማን። ድንጋዩን ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ሳላዛውር ተመልሰው ወጡ።

«አማክሬያለሁ» አሉ። «ሰጥቻለሁ። መጨከኑን አልቻልሁበትም። በሉ ያን ድንጋይ አውርዱለት፤ ትከሻውን ያመዋል።»

ድንጋዩ ወረደ። ይበልጣል ሮጦ ገብቶ የቆሰለውን ትከሻዬን ሳመው፤ አመመኝ፤ ዝም አልሁ። መሪጌታ ከኖኅ ቀጠሉ። አቶ ጫኔ ማሩን አገኙት። እትዬ የሻሽም ልባቸው ራርቶ ወንበር ሳቡልኝ። የቤቱ ጌታ ቆመው እኔ እንዴት እቀመጣለሁ? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እንደ ጨዋ ሰው ፈገግ ብዬ...

«ለእኔ አታስቡ» አልሁ።

አቶ ጫኔ የማሩን ማንኪያ አስቀመጡ። እትዬ የሻሽ አማተቡ።

«ድንጋዩን መልሱበት!»